ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት የሚደፈርሰው

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። የሚያዝያ ፀሐይ የላብራቶሪያችንን ቆርቆሮ እያንጣጣ ነው። ተማሪዋ በወፍራሙ የብረት ሴል፣ ማለትም ግፊት በሚችለው ዝግ ዕቃ፣ ጎን ባለችው የሳፋየር መስኮት አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። ሳፋየር እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ማዕድን ነው። መስኮቷ ከአንድ ብር ሳንቲም አትበልጥም። ከወዲያ በኩል መብራት በርቷል። ጠዋት መብራቱ በፈሳሹ ውስጥ ጥርት ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ሴሉ ውስጥ ወተት የተገለበጠ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ጠዋት እኮ ጠርቶ ነበር» አለችኝ። «ምንም አልነካሁም። ያው 40 ዲግሪ፣ ያው 90 ባር።»

ቴርሞሜትሩን አየሁ። 40 ይላል። የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን አየሁ። 90 ይላል። ጎንበስ ብዬ በመስኮቷ አየሁ። ደፍርሷል።

ያ ድፍርስ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሰባት ሳምንት ፈጀብን። ምክንያቱ ሲገኝ ግማሹ ሙቀት፣ ግማሹ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ታሪኩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው እንዲህ ያለ የጋራ ሥራ የሚጀምሩ ሌሎች ላብራቶሪዎች አሉ ብዬ ነው። እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ጉድጓድ አይመስልም።

እኔ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የትምህርት ተቋም የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራው ከሁለት የአውሮፓ ቡድኖች ጋር የሚሠራ ነው። አንደኛው ቡድን ፖሊመሩን፣ ማለትም እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ሞለኪውል ያለውን ነገር፣ ሠርቶ ይልካል። ሁለተኛው በኒውትሮን ጨረር ይለካል። የእኛ ድርሻ ካርታ ማውጣት ነው። ፖሊመሩን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ አስገብተን፣ በየትኛው ሙቀትና ግፊት እንደሚጠራ፣ በየትኛው እንደሚደፈርስ በዓይናችን እያየን እንመዘግባለን።

ሲሰሙት ትንሽ ሥራ ይመስላል። አይደለም። የኒውትሮን ማሽን ሱቅ ሄደው እንደሚገዙት ዕቃ አይደለም። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ባለሙያዎች ይገመግሙታል፣ ያለፈ ሰው ጥቂት ቀናት ይሰጡታል። ማሽኑ ሌትና ቀን ስለሚሠራ ሌሊቱም ይቆጠራል። ለእኛ ሥራ የተሰጡት ሦስት ቀናት ነበሩ። ካርታ ከሌለ ሦስቱም ቀን በፍለጋ ያልቃሉ። የተሳሳተ ካርታ ካለ ደግሞ ይብሳል፤ ባዶ ቦታ ላይ ቆመህ ትለካለህ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚፍለቀለቀው ጋዝ ነው። ስትጫነው ፈሳሽ ይሆናል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ31.1 ዲግሪ፣ ግፊቱ ከ73.8 ባር ካለፈ ፈሳሽም ጋዝም መሆኑ ይቀራል። እንደ ጋዝ በየቀዳዳው ይገባል፣ እንደ ፈሳሽ ደግሞ ያሟሟል። ሱፐርክሪቲካል የሚባለው ይህ ሁኔታ ነው፤ ድንበሩ ደግሞ ክሪቲካል ነጥብ ይባላል። ባር ስል ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ተኩል ገደማ ነው። እኛ የምንሠራው 90 ላይና ከዚያ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ሳያውቀው ቀምሶታል። ካፌይን የወጣለት ቡና የሚሠራበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ኩርት ዞዘል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚውልሃይም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ዘዴውን አገኘ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በረጠበው ጥሬ ቡና ውስጥ ሲያልፍ ካፌይኑን ይዞ ይወጣል። ግፊቱ ሲለቀቅ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ቡናው ላይ የሚቀር ኬሚካል የለም። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ቤንዚንና አሴቶን ሳትነካ ታሟሟለህ፣ ስትጨርስ ደግሞ ማሟሟያው ራሱ ተነስቶ ይሄድልሃል።

ፖሊመር ላይ ሲመጣ ግን ያስቸግራል። አብዛኛው ፖሊመር በካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሟሟም። በደንብ የሚሟሙት በዋናነት ፍሎሪን ያለባቸው ጥቂቶችና ሲሊኮን ናቸው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ዴሲሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ፍሎሪን ያለበትን ፖሊመር እዚያው ውስጥ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በ1996 ደግሞ ከኖርዝ ካሮላይና፣ ከኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላብራቶሪና ከጣሊያኗ ፓሌርሞ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ነገር አወጡ። ግማሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወድ፣ ግማሹ የሚጠላ ፖሊመር ወሰዱ። በኒውትሮን ሲያዩት ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ተሰብስበው ድቡልቡል ሆነዋል። የሚጠላው ክፍል መሐል ተደብቋል፣ የሚወደው ክፍል ውጭ ቆሟል። ድቡልቡሉ ሚሴል ይባላል። ስፋቱ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ሺህ ጊዜ ይበልጣል።

እኔ ለተማሪዎች የማስረዳው በሠርግ ነው። የማያውቁት ሰው ሠርግ የሄዱ እንግዶች አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ። ከቤተ ዘመዱ ጋር የሚግባባው ከዳር ይሆናል፤ ዓይን አፋሩ መሐል ይገባል። ማንም «ተሰብሰቡ» አላላቸውም። አስተናጋጁ ቀርቦ ሲያጫውታቸው ደግሞ ይበታተናሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጣል። እዚህ አስተናጋጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግፊት ስትጨምርበት ይጠጋጋል፣ የማሟሟት ጉልበቱ ይጨምራል። ሰንሰለቶቹ አንድ በአንድ ይበታተናሉ፣ ሁሉም ነገር ይጠራል። ግፊቱን ስትቀንስ ተመልሰው ሚሴል ይሆናሉ። የበለጠ ስትቀንስ ተጠራቅመው ይዘቅጣሉ፣ ወተቱ ይመጣል።

በጠራውና በወተቱ መካከል ያለችው ቦታ ናት የእኛ ጉዳይ። እዚያ ስትደርስ በመስኮቷ በኩል ፈሳሹ ትንሽ ሰማያዊ ጭጋግ ይይዛል። ጠዋት በበር ስንጥቅ የገባ ብርሃን የምድጃ ጭስ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ዓይነት ሰማያዊ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ሰንሰለቶቹን የሚያዛቸው ግፊት አይደለም። እፍግታ ነው፤ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደገባ። የፓሌርሞዎቹ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ ሚሴሉ የሚፈርስበትና የሚሠራበት የተወሰነ እፍግታ እንዳለ ለይተው ስም ሰጥተውታል። እኛም ይህን አንብበናል። አንብበን ግን ሠንጠረዣችን ላይ የምንጽፈው ግፊትና ሙቀት ነበር። ጌጁ የሚያሳየን እሱን ነዋ።

የላኩልን ፖሊመር በሲሊኮን የተሠራ ነው። የ1996ቱ ፖሊመር የፍሎሪን ሰንሰለት ነበረው። ከዚያ ቤተሰብ የሆነው ፒኤፍኦኤ የሚባለው አሲድና ዘመዶቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተዘረዘሩት ኬሚካሎች ገብተዋል። አካባቢ ውስጥ አይጠፉም፣ ሰውነት ውስጥም ይቆያሉ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ ሲሊኮን መመረጡ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። መጀመሪያ ያስቸገረን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሲሊንደሩ ስቦ ወደ ሴሉ የሚገፋው ፓምፕ ነው።

ፓምፑ ጠዋት ያለ ችግር ይገፋል። ከሰዓት ይንጫጫል እንጂ አይገፋም። ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጎሚኒ ውስጥ ይሰርጋል፤ ግፊቱን ቶሎ ከለቀቅክ ጎሚኒው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥፋቱን እሱ ላይ ጣልኩ። አዲስ ጎሚኒ ገባ። ከሰዓት አሁንም ተንጫጫ።

ነገሩ የገባኝ ሲሊንደሩን ስነቀንቀው ነው። ጠዋት ውስጡ ሲንቦጫቦጭ ይሰማኝ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት ዝም አለ። ግማሽ የነበረ ሲሊንደር በአንድ ቀን አያልቅም። ሚዛን ላይ አወጣሁት። ክብደቱ እንዳለ ነው። ግን አይንቦጫቦጭም።

እ.ኤ.አ. በ1822 ካኛር ደ ላ ቱር የተባለ ፈረንሳዊ የመድፍ በርሜል ውስጥ ፈሳሽና ኳስ ከትቶ፣ አፉን ደፍኖ አሞቀው። እያንከባለለ ኳሱ ሲንቦጫቦጭ ያዳምጣል። ሙቀቱ አንድ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። በፈሳሹና በእንፋሎቱ መካከል የነበረው ወለል ጠፍቶ ነበር። ክሪቲካል ነጥብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በጆሮ ነው ማለት ነው። እኔ አዳማ ላይ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ዝምታ ሰማሁ። ቆርቆሮው ሥር የነበረው ሙቀት ከ31.1 ዲግሪ አልፏል። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም። ፓምፑ ደግሞ የተሠራው ፈሳሽ ለመሳብ ነው።

የአውሮፓ አጋሮቻችን ይህን አላስጠነቀቁንም። አልፈርድባቸውም። የእነሱ ክፍል ዓመቱን ሙሉ 20 ዲግሪ ነው። በዚያ ሙቀት ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ጌጁም 57 ባር ገደማ ያነባል። ገጥሟቸው የማያውቀውን ነገር ከየት አምጥተው ይንገሩን?

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሲሊንደሩን ፀሐይ ወደማያየው ግድግዳ አዞርነው። የረጠበ ጆንያ አለበስነው። ከፓምፑ በፊት ያለውን ቱቦ አጣጥፈን በበረዶ ባልዲ ውስጥ አሳለፍነው። በረዶውን ከሰፈር ለስላሳ መሸጫ እንገዛለን። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ መሥራት ጀመረ። እኔም ሙቀትን ድል ያደረግሁ መሰለኝ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ የሙቀት ችግር ስለፈታሁ ሌላም ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

የወተቱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ውጤታችን ከአውሮፓ አጋሮቻችን ውጤት ጋር አልገጥም አለ። ይበልጥ ግራ ያጋባው ከራሱም ጋር አለመግጠሙ ነው። 90 ባር ላይ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይደፈርሳል። 200 ባር ላይ ግን ሁሌም ከእነሱ ጋር ይገጥማል። ይህ ሁለተኛው ነገር ቁልፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ማጽናኛ ብቻ ቆጠርነው።

ጥርጣሬው በየተራ መጣ። ናሙናው በመንገድ ተበላሽቷል ተባለ። ጉምሩክ ብዙ ስለቆየ ያ ይመስል ነበር። አዲስ ናሙና መጣ፤ ለውጥ የለም። ጋዙ እርጥበት አለው ተባለ። ማድረቂያ ጨመርን፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ከፍታ ተነሳ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእኛ አየር ግፊት 0.83 ባር አካባቢ ነው። የእነሱ 1 ባር ገደማ። ጌጅ ደግሞ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። ሐሳቡ ሁሉንም ሰው ማረከ። የሩቅ አገር፣ ተራራማ አገር፤ ምክንያቱ ከፍታ ቢሆን ለመቀበል ይመቻል።

ዶክተሩ፣ የተማሪዋ አማካሪ፣ ሰሌዳው ላይ አሰላው። ልዩነቱ 0.2 ባር አይሞላም። በ40 ዲግሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ባር ላይ በሊትር 278 ግራም ነው፣ 90 ባር ላይ 486 ግራም። በአንድ ባር 20 ግራም ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። 0.2 ባር ቢበዛ 4 ግራም ነው። 4 ግራም ጥርት ያለውን ወተት አያደርገውም። ከፍታው ነፃ ወጣ።

ሙቀት አልተነሳም እንዳትሉ። እኔው ነኝ ያነሳሁት። ጠዋት ይጠራል፣ ከሰዓት ይደፈርሳል፤ የሚለወጠው አየሩ ብቻ ነው አልኩ። ዶክተሩ ሐሳቡን በኢሜይል ጻፈላቸው። እነሱም በቅንነት መረመሩት። የእያንዳንዱ ሙከራ ሰዓት በጋራ ሠንጠረዡ ላይ አለ። አንድ ባልደረባቸው ሰዓቱን ከውጤቱ ጋር በግራፍ አስቀመጠው። መልሱ በማግስቱ መጣ። ጥርት ያሉት ሙከራዎች የከሰዓት ናቸው፣ የደፈረሱት የጠዋት ናቸው ይላል። ስለዚህ የቀኑ ሙቀት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ምናልባት ጠዋት ፖሊመሩ ሳይሟሟ ትጀምሩ ይሆናል፤ አትቸኩሉ፣ ዘግየት ብላችሁ ጀምሩ።

ያን ኢሜይል ሳነብ በራሴ ዓይን ተጠራጠርኩ። ከሰዓት ደፍርሶ አይቻለሁ። ግራፉ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ግራፍ ከቴክኒሻን ትዝታ ይበልጣላ! ዝም አልኩ። ምክራቸውንም ተቀበልን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት መጀመራችንን ትተን በ4 ሰዓት መጀመር ያዝን። ባሰብን። የሚጠራው ሙከራ ከናካቴው ጠፋ።

በቀጣዩ ኢሜይል ተማሪዋ ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋት ይሆን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በትሕትና የተጻፈ ነው። እሷ ግን ስክሪኑን ዘግታ ወጣች። ያቺ ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ፣ በባጃጅ መጥታ፣ በሩን ከእኔ ቀድማ የምትከፍት ልጅ ናት። መዝገቧ ላይ አንድ ቁጥር ስርዝ ድልዝ የለውም። የዚያን ቀን ንዴቴ እስካሁን አለ። የምናደደው ግን በእነሱ ብቻ አይደለም። «የእኛ ዓይን ያየው ይህ ነው፣ ግራፉን ደግማችሁ እዩት» ብዬ አለመጻፌ ነው የሚቆጨኝ።

እውነቱን ያወጣችው እሷው ናት። ሳምንት ሙሉ ግራፉን ስታየው ከርማለች። አንድ ጠዋት ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን ነጥብ እያት» አለች። «ይህ የማክሰኞ ሙከራ ቁጥር 1 ነው። ይህ ደግሞ ቁጥር 4። ቁጥር 1 እንዴት ከቁጥር 4 በኋላ ይሠራል?»

አየሁት። በሁሉም ቀን እንደዚያው ነው። 1 እና 2 ከሰዓት ላይ ተቀምጠዋል፤ 3 እና 4 ጠዋት ላይ። መዝገቡን ገለጥን። በእሷ ጽሑፍ፣ ቁጥር 1፣ 2:00። ቁጥር 2፣ 3:30። ቁጥር 3፣ 8:00። ቁጥር 4፣ 9:15።

ሁለታችንም እኩል ገባን። እሷ አፏን በእጇ ያዘች። የጻፍነው በአገራችን ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። እነሱ ያነበቡት በእነሱ ሰዓት ነው። ማንም ሰው ሌሊት 2 ሰዓት ላብራቶሪ አይገባም ብለው 2:00ን ወደ ከሰዓት 14:00 ቀየሩት። 8:00ን ጠዋት ብለው እንዳለ ተዉት። ቀኑ ተገለበጠ። የእኛ ጠዋት የእነሱ ከሰዓት ሆነ፣ የእኛ ከሰዓት የእነሱ ጠዋት። ሙቀትን ነፃ ያወጣው ይህ ነው። ዘግይታችሁ ጀምሩ ያሉንም ወደ ባሰው ሙቀት እየገፉን ነበር።

ዶክተሩ በዚያው ዕለት ደወለላቸው። ስክሪኑ ላይ የነበረችው የቡድኑ መሪ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተማሪዋን በስሟ ጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት። እንዲህ ያለ ሰው ያጋጥማልና ተመስገን።

አሁን ሙቀት ተከሳሽ ሆኖ ተመለሰ። ግን ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ 40 እያለ እንዴት?

መልሱ ቴርሞሜትሩ የት ነው የሚለው ነው። የእኛ ሴል ከውጭ በማሞቂያ ሽቦ የተጠመጠመ ነው። ሴንሰሩ ሽቦው ሥር፣ የብረቱ ገጽ ላይ ነው የተለጠፈው። 40 የሚያነበው የብረቱን ቆዳ ነው። የውስጡ ፈሳሽ ስንት እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም። የእነሱ ሴል ደግሞ ሙቀቱ ቁጥጥር በሚደረግበት ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሴንሰሩም ፈሳሹ ውስጥ ነው። ሁለታችንም «40 ዲግሪ» ብለን እንጽፋለን። የምናወራው ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበር።

ሴሉ ላይ አንድ ትርፍ ቀዳዳ ነበር። መስኮትም ቧንቧም ያልገባበት፣ በቡሎን የተደፈነ። ቡሎኑን አውጥቼ ሴንሰር አስገባሁ። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ውጭው 40 ሲል ውስጡ 35 ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ክፍሉ ሞቋል፣ ብረቱ ብዙ ሙቀት አያጣም። ውጭው 40 ሲል ውስጡ 38 ደርሷል። ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ።

ሦስት ዲግሪ ምን ያደርጋል ለሚል፣ ሠንጠረዡን እንመልከት። 90 ባር ላይ፣ በ35 ዲግሪ አንድ ሊትር ውስጥ 662 ግራም አለ። በ40 ዲግሪ 486 ግራም ይቀራል። በአማካይ በአንድ ዲግሪ 35 ግራም ይወርዳል። ሦስት ዲግሪ ወደ 100 ግራም ነው። ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅበት ከነበረው ከፍታ 4 ግራም ጋር አወዳድሩት። አሁን 200 ባር ላይ እንይ። በ35 ዲግሪ 866፣ በ40 ዲግሪ 840። በአንድ ዲግሪ 5 ግራም ብቻ። ከክሪቲካል ነጥብ ርቀህ ስትቆም ሦስት ዲግሪ ስህተት አይታይም። አጠገቡ ስትቆም ግን ያስከፍልሃል። 200 ባር ላይ የገጠምነው ጎበዝ ስለሆንን አልነበረም፤ 90 ላይ የተለያየነውም ሰነፍ ስለሆንን አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚያልፈው። የእኛ ክፍል ለምን ከውጭው አየር ጋር አብሮ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል? በርና መስኮቱን ስለምንከፍት ነው። የምንከፍተው ደግሞ ለደኅንነት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ሳታውቀው ትንፋሽ ያሳጥርሃል። የእነሱ ላብራቶሪ ማንቂያ ደወልና አየር ማቀዝቀዣ አለው። የእኛ ደወል ክፍት በር ነው። ስለዚህ ማንም «በሩን ዝጉና ይስተካከላል» እንዳይል። በሩ አይዘጋም።

የተደረገው ሌላ ነው። የወንጂ መንገድ ላይ ያለ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። የሴሉን ልክ በካርቶን ቆርጬ ሰጠሁት። ከአሮጌ በርሜል ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሴሉ የሚገባበት ገንዳ ሠራልኝ። ሥራዬን ሲሰማ «ይህቺ ነገር እንዳትፈነዳብህ ጋሼ» ብሎ ብየዳውን ሁለት ጊዜ ደገመው። ገንዳው ራሱ ግፊት እንደማይሸከም ነግሬዋለሁ። አላመነኝም። ውሃ ሞላንበት። ማሞቂያና ማማሰያ ገባበት። ውሃ እንደ ብረት ቆዳ አያታልልም፤ ሴሉን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ያቅፈዋል። መብራት ሲጠፋም ቶሎ አይቀዘቅዝም። ይህ ያልጠበቅነው ጥቅም ነው።

ከዚያ ሁሉንም እንደገና ሠራን። ሠንጠረዡም ተቀየረ። ግፊቱና ሙቀቱ አሉ። አጠገባቸው ግን እፍግታ አለ፣ ከውስጡ ሙቀት የተሰላ። ሴንሰሩ የት እንዳለ የሚናገር መስመር ገባ። ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ካርታውን በግፊት ስናስቀምጠው የእኛና የእነሱ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። በእፍግታ ስናስቀምጠው አንዱ በአንዱ ላይ ተኛ። ተማሪዋ ሁለቱን ወረቀት ደራርባ መስኮቱ ብርሃን ላይ ይዛ አሳየችኝ። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ያቺን ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬያታለሁ።

ወደ ኒውትሮኑ የሄደው ይህ ካርታ ነው። እሷ ግን አልሄደችም። የቪዛ ቀጠሮ በጊዜ አልተገኘም። ተቃጠልኩ። ያን ካርታ መስመር በመስመር ያወጣ ሰው እዚያ መገኘት ነበረበት። አጋሮቻችን ግን አንድ ደግ ነገር አደረጉ። ሦስቱንም ቀን ስክሪናቸውን ከእሷ ጋር አገናኙ። ካርታው ላይ እሷ «ሰማያዊው ጭጋግ እዚህ ይጀምራል» ብላ ምልክት ያደረገችበት እፍግታ አለ። መጀመሪያ የለኩት እሱን ነው።

ሌሊቱን ላብራቶሪ አብሬያት ቆየሁ። ኒውትሮን በሳፋየር መስኮት ውስጥ በቀላሉ ስለሚያልፍ ሴሉን መክፈት አያስፈልግም። ማሽኑ ይቆጥራል፣ ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ቀስ በቀስ ይጠራቀማሉ። ከፍ ባለው እፍግታ ላይ መስመሩ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ነበር። ሰንሰለቶቹ ተበታትነዋል። ግፊቱን ቀንሰው እሷ ምልክት ወዳደረገችበት ወረዱ። ነጥቦቹ በግራ በኩል መነሳት ጀመሩ። ተነሱ፣ ተነሱ፣ ትከሻ ሠሩ። ሚሴሎቹ ተሰብስበዋል።

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው አጨበጨበ። እሷ አላጨበጨበችም። መዝገቡን ሳበች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተችና ጻፈች። ሌሊት 7 ሰዓት ከ20፣ አዳማ። 00:20፣ በእነሱ።